ባሕሩ ሲሄድ የሚቀረው ሜዳ

ባሕር ሳላይ ባሕር እየሣልኩ ደመወዝ የበላሁ ሰው ነኝ። በደርግ ዘመን ነው፤ ዛሬ ንፋስ ስልክ ላፍቶ የሚባለው ሰፈር ገና ከፍተኛና ቀበሌ እየተባለ በቁጥር በሚጠራበት ጊዜ። መካኒሳ አቦ አጠገብ፣ ከእናቴ ጋር በአንዲት ጭቃ ቤት እንኖር ነበር። ሥራዬ ካርታ መንደፍ ነው። ጂኦሎጂስቶቹ በረሃ ለበረሃ ዞረው በእርሳስ የሞነጫጨሩትን ሉህ ያመጡልኛል፤ እኔ ደግሞ ትሬሲንግ በሚባለው ስስ ወረቀት ላይ በጥቁር ቀለም አሳምሬ እገለብጠዋለሁ።

እጄ ንጹሕ ነበር። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም ብል ውሸቴን ነው። በሥራ ክፍላችን ከነበርነው አምስት ነዳፊዎች መካከል መስመሯ የማይንቀጠቀጥ እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ይህንንም ሰው እንዲረሳው አልፈቅድም። አጠገቤ የሚቀመጠው ባልደረባዬ ቀለም ባንጠባጠበ ቁጥር «ዛሬ ደግሞ አዲስ ሐይቅ አገኘህልን» እለዋለሁ። ሌሎቹ ይስቃሉ፤ እሱም አብሮ ይስቃል። አንድ ቀን የእኔም ተራ ይደርሳል ብዬ አስቤ አላውቅም።

የተሳሳተ መስመር የሚጠፋው በምላጭ ነው። ቀለሙ ከደረቀ በኋላ የምላጩን ጫፍ ጋደም አድርጎ፣ ወረቀቱ ሳይበሳ ቀለሙን ብቻ መፋቅ ነው። ከዚያ በጥፍር ጀርባ አሸት አሸት ይደረጋል። እኔ ስፍቅ መፋቄ እንኳን አይታወቅም ነበር፤ ሰው አምጥቶ በብርሃን ቢያየው ምንም አያገኝበትም። በዚህም እኮራ ነበር።

የዚያን ዓመት ክረምት መጀመሪያ ላይ አንድ ጂኦሎጂስት ከቀይ ባሕር ተመለሰ። ቀጭን ነው፤ ፀሐዩ የአፍንጫውን ቆዳ ልጦታል። ከምፅዋ ማዶ ባሉት ደሴቶችና በባሕሩ ዳርቻ ለወራት ከርሞ ነበርና ከሉሁ ጋር ብዙ ወሬ ይዞልን መጣ። እኛ የመካኒሳ ሰዎች ድንጋይ ሲባል የምናውቀው ጥቁሩን ነው፤ ወንዛችን ውስጥ ያለውን፣ ለቤት መሠረት የሚፈለጠውን። «ይሄ የእናንተ ድንጋይ ከእሳት የወጣ ነው» አለን፣ በመስኮት ወደ ፉሪ ተራራ እያሳየ። «የባሕሩ ድንጋይ ግን ነፍስ የነበረው ነው።»

ኮራል የሚባሉ፣ አንዳንዶቹ ከምስር ፍሬ የማይበልጡ የባሕር እንስሳት አሉ አለ። ከውሃው ኖራ እየወሰዱ ለራሳቸው ቤት ይሠራሉ። ይሞታሉ፤ በሞቱት ቤት ላይ ልጆቻቸው ሌላ ቤት ይሠራሉ። ይህ ሲደራረብ፣ ሲደራረብ፣ ብዙ ሺህ ዓመት ሲያልፍ የኖራ ድንጋይ ይሆናል። መሬቱ ከፍ ሲልም ድንጋዩ ከባሕር ብቅ ይልና ደሴት ይባላል። ባሕሩ እግር እግሩን ስለሚበላው ደሴቶቹ ከሥር ጠበብ፣ ከላይ ሰፋ ብለው እንጉዳይ ይመስላሉ። እሱ ሲያወራ እጄ ላይ የያዝኩት ሻይ ቀዘቀዘ። ድንጋይ ትውልድ ያለው ነገር ነው ብሎ የነገረኝ ሰው ከዚያ በፊት አልነበረም።

ይህን ዳርቻ ጥብቅ ክልል ለማድረግ ታስቦ ነበር። በሌላ በኩል ደግሞ ለግንባታ ኖራ የሚፈልጉ ሰዎች ነበሩ፤ ድንጋዩ ሲቃጠል ኖራ ይሆናል፣ ለስላሳ ስለሆነም ለቆረጣ አያስቸግርም። ስለዚህ ካርታው ላይ ቀይ የተቀባው እንዳይነካ፣ ከቀዩ ውጭ ያለው ግን እንዲቆረጥ ተስማሙ። ስምምነቱ የሚጸድቀው በጳጉሜ በሚደረግ ስብሰባ ነው። ቀዩ የት ላይ እንደሚያበቃ በቀለም የማሰፍረው ደግሞ እኔ ነኝ።

ጂኦሎጂስቱ ሉሁን አስረክቦኝ ወደ ባሕሩ ተመለሰ። ሳየው በየደሴቱ ዙሪያ ሁለት መስመር አለ፤ አንዱ ድፍን፣ ሌላው ከእሱ ወደ ባሕሩ ወጣ ብሎ የተቆራረጠ። አንዳንድ ቦታ ይጠጋጋሉ፣ አንዳንድ ቦታ ይራራቃሉ። ምን እንደሆኑ አንድም ቃል አልተጻፈም። እኔ የማውቀው ውሃ የመካኒሳን ወንዝና አንድ ጊዜ ከትምህርት ቤት ሄደን ያየሁትን የደብረ ዘይትን ሐይቅ ነው። ሐይቅ ዳሩ አንድ ነው፤ ውሃ ያበቃል፣ መሬት ይጀምራል። ስለዚህ ሰውዬው መጀመሪያ ያበላሸውን መስመር ሳያጠፋ ሌላ አስተካክሎ ሣለ ብዬ ደመደምኩ። እንዳለ ሁለቱንም በቀለም ገልብጫቸው ነበር፤ ራቅ ብዬ ሳያቸው ግን የሰካራም ሥራ መሰሉኝ። ምላጬን አነሣሁና የተቆራረጠውን መስመር በሙሉ ፋቅኩት። ከምሳ በፊት ጨረስኩ። ቀዩንም በድፍኑ መስመር ልክ ቀባሁ። ኃላፊያችን አየው፣ አማረለት፣ ፈረመበት።

በአሞኒያ ከሚታተሙት የሙከራ ቅጂዎች፣ ብሉፕሪንት ከምንላቸው፣ አንዱ ማሽኑ ውስጥ ተጨማዶ ተበላሸ። የተበላሸ ወረቀት ወደ ቤት መውሰድ ክልክል ነበር፤ ሁላችንም እንወስድ ነበር። ደብተር እንለብድበታለን፣ ግድግዳ እንለጥፍበታለን። እኛ ቤት ከጋዜጣው መሀል አንድ ባዶ ቦታ ነበርና እናቴ የዱቄት ሙጫ በጥብጣ ባሕሬን እዚያ ለጠፈችው። የአሞኒያው ሽታ ለሦስት ቀን ቤቱን አልለቀቀም። እሷ ግን ለመጣ እንግዳ ሁሉ «ልጄ የሣለችው ነው» ማለቷን አልተወችም።

የአብዮት በዓል እየደረሰ ስለነበር ቀበሌው መንገድ ዳር ያለ አጥር ሁሉ ኖራ እንዲቀባ አዘዘ። የእኛን አጥር እሑድ ጠዋት የቀባልን አንድ ሽማግሌ ግንበኛ ጎረቤታችን ነበር። የምፅዋ ሰው ነው፤ ወደ አዲስ አበባ ከመጣ ብዙ ዓመቱ ነው። እናቴ ምሳ ቅመሱ ብላ አስገባችው። እጁን ታጥቦ፣ ኖራው ግን ከጥፍሩ ሥር ሳይለቅ፣ መደቡ ላይ ተቀመጠና ግድግዳው ላይ አፈጠጠ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለ።

«የእርስዎ አገር ነው» አለችው እናቴ፣ ከእኔ ቀድማ።

ተነሥቶ ተጠጋ። ፊደል እንደማይለይ ስለማውቅ ከተማዋን፣ ደሴቶቹን፣ የመርከብ መግቢያውን እያሳየሁ ነገርኩት። አንዷን ደሴት በጣቱ ዞራት፤ ኖራው ነጭ ምልክት ተወባት። ከዚያ ጣቱን መልሶ የሆነ ነገር የጠፋበት ሰው ይመስል ዳሯን ፈለገ።

«ሜዳው የታለ?»

«የቱ ሜዳ ጋሼ?»

«ባሕሩ ሲሄድ የሚቀረው።»

«ባሕሩ የት ይሄዳል?»

እያሾፍኩበት መሆኔን ለማወቅ ፊቴን አየኝ። አለማሾፌ ሲገባው ሳቀ። «እንዴ፣ አንቺ ልጅ፤ ባሕር እንደ ኩሬ ተጎልቶ የሚውል መሰለሽ? በቀን ሁለቴ ይሄዳል፣ ሁለቴ ይመጣል። ሲሄድ ድንጋዩ ሜዳ ሆኖ ይቀራል። እኛ በእግራችን እንወጣበት ነበር እኮ፤ ድጅኖና መዶሻ ይዘን። ውሃው እስኪመለስ ድረስ ቆርጠን፣ ጀልባ ላይ ጭነን፣ ግማሹን ለግንብ፣ ግማሹን አቃጥለን ለኖራ። በጉልበቴ ጊዜ ከእሱ ሌላ ሥራ አልነበረኝም።»

እናቴ ወጥ ጨመረችለት። እሱ ግን ዓይኑን ከግድግዳው አልነቀለም።

«ያኔ ያልቃል ብሎ ያሰበ የለም» አለ። «ኋላ ነው ያየሁት። ሜዳውን በቆረጥን ቁጥር ዓሣው እየራቀ ሄደ። ዓሣው የሚፈለፈለው እዚያ ጉድጓድ ጉድጓዱ ውስጥ ነዋ። ኤሊዋም ውሃው ሲሞላ ለመብል የምትመጣው እዚያው ነው። የሰው ቤት ለመሥራት የእነሱን ቤት ነው ስናፈርስ የኖርን።»

ነገሩ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ድፍኑ መስመር ባሕሩ ሲሞላ የሚደርስበት ነው፤ የተቆራረጠው ሲሸሽ የሚቆምበት ነው። መሀላቸው ያለው ሜዳው ነው። እኔ ሰውዬው ተሳስቶ ነው ብዬ ሜዳውን በሙሉ ከቀዩ ውጭ አውጥቼዋለሁ። ከአራት ቀን በኋላ፣ ሐሙስ፣ ስብሰባው ካርታውን ካጸደቀው መጀመሪያ የሚቆረጠው እሱ ነው፤ ለስላሳ ነው፣ በቀን ሁለቴ በእግር ይደረስበታል፣ የሚከላከለውም ወረቀት የለም።

ግንበኛው ከሄደ በኋላ ለእናቴ ነገርኳት። ሳህኑን ማጠቧን ሳታቆም ሰማችኝና «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም» አለችኝ። ፈርታልኝ ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ወር አንድ የግምጃ ቤት ሠራተኛ ጥቅል ወረቀት ጠፍቶበት አሻጥረኛ ተብሎ ሦስት ሳምንት ታስሮ ወጥቷል። ወረቀቱ ኋላ ከመደርደሪያው ጀርባ ወድቆ ተገኘ። ሰውዬው ግን ከዚያ ወዲህ ሰላምታ እንኳን ሲሰጥ ዙሪያውን ይገላመጥ ነበር።

ከሰዓቱን ሙሉ በጂኦሎጂስቱ ተናደድኩ። አንድ ቃል ቢጽፍ ምን ነበረበት? «ሙላት»፣ «ሽሽት» ብሎ ሁለት ቃል ቢያሰፍር እጁ ይቆረጥ ነበር? አጥራችን ሥር ተቀምጬ ስብከነከን ቆይቼ መልሱ ለራሴ መጣልኝ። ባሕር ሄዶ እንደሚመለስ ማን ይጽፋል? እኔስ መካኒሳ በክረምት እንደሚጨቀይ ለማን ጽፌ አውቃለሁ? ለእሱ ያንን ያህል ግልጽ ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ያልገባኝን ከመጠየቅ ይልቅ ማጽዳት ቀለለኝ። ይህን ለራሴ ማመን ከእስሩ ፍርሃት ባልተናነሰ መረረኝ።

ሰኞ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ኃላፊያችን ቢሮ ገባሁ። ወፍራም መነጽር ያለው፣ ከሥራው ይልቅ ማኅተሙን የሚጠብቅ ሰው ነው እያልን እናማው ነበር። ተቀምጦ አዳመጠኝ። ስጨርስ ተነሥቶ በሩን ዘጋ።

«ማን ነው ይሄን የነገረሽ?»

«አንድ ግንበኛ ጎረቤታችን ነው።»

«ግንበኛው ካርታውን የት አየው?»

ይህን ጥያቄ ሌሊቱን ሙሉ ስፈራው ነበር። «ግድግዳችን ላይ» አልኩ።

መነጽሩን አወለቀ። «በአንድ ጠዋት ሁለት ጥፋት ይዘሽብኝ መጣሽ» አለ፣ በቀስታ። «አንቺ ፋቅሽው፣ እኔ ፈረምኩበት። ይሄ ነገር ምን ተብሎ እንደሚጠራ ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ።»

«ከሆነ ጂኦሎጂስቱ እስኪመለስ ይቆይ። በሚቀጥለው እትም ይስተካከላል።»

«እሱ የሚመለሰው ከሁለት ወር በኋላ ነው። ሐሙስ ከጸደቀ እስከዚያ ሜዳው ይቆረጣል። የተቆረጠ ደግሞ በሚቀጥለው እትም አይበቅልም።» ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር፤ ስናደድ እንዲህ ነው የሚያደርገኝ። «ጥፋቱን በእኔ ስም ይጻፉት። ፋቀችው ብለው ይጻፉ። እርስዎ ባሕሩን አያውቁትም ነበር፣ ያልኩዎትን አምነው ነው የፈረሙት።»

«ድምፅሽን ቀንሺ» አለ። መነጽሩን መልሶ አደረገ። ያባርረኛል ብዬ ስጠብቅ፣ «በግንበኛ ቃል ብቻ የተፈረመ ካርታ አይቀየርም» አለ። «ግን ሰውዬው እንዳልሽው የሚያውቅ ከሆነ ካርታው ራሱ ይመሰክርለታል። ነገ አምጪው። ስለ ሁለተኛው መስመር ግን ትንፍሽ እንዳትዪለት።»

ማክሰኞ ግንበኛው ኮቱን ለብሶ፣ ጫማውን አስጠርጎ መጣ። ከመካኒሳ አውቶቡስ ይዘን እስክንደርስ ድረስ ምን አጥፍቼ ነው የሚጠሩኝ እያለ ሲጠይቀኝ ነበር። ኃላፊው ወንበር ሰጠው። የጂኦሎጂስቱን የእርሳስ ሉህ መሳቢያ ውስጥ ቆልፎበታል። ጠረጴዛው ላይ ያለው እኔ ያጸዳሁት ካርታ ብቻ ነው፤ በላዩ ላይ ባዶ ትሬሲንግ አነጠፈና እርሳስ አቀበለው።

«አባቴ፣ ባሕሩ ሲሄድ እስከየት እንደሚሄድ እዚህ ላይ ይሣሉልኝ።»

«ፊደል አልቆጠርኩም ጌታዬ።»

«ፊደል አልጠየቅሁዎትም።»

ግንበኛው ፀሐይ በየት በኩል እንደምትወጣ ጠየቀ። ሲነገረው ካርታውን አዙሮ አዙሮ፣ ጀልባው ላይ ሆኖ እንደሚያየው አድርጎ አስቀመጠው። «ይቺን ብቻ ነው የማውቃት» አለ፣ እቤታችን በጣቱ የዞራትን ደሴት እያሳየ። «ሌሎቹን ብሥል ውሸት ይሆናል።» ከዚያ ዓይኑን ጨፈነ። ከንፈሩ ይንቀሳቀስ ነበር፤ እርምጃ የሚቆጥር ይመስለኛል። ዓይኑን ገለጠና መሣል ጀመረ። መስመሩ ይንቀጠቀጣል፣ ይሰበራል፣ እርሳሱን ሲጫን ወረቀቱ ሊበሳ ይደርሳል። በሌላ ቀን ቢሆን ሳቄን አልችለውም ነበር። በምዕራብ በኩል ሰፊ ሜዳ ተወ። በምሥራቅ ገደሉን እየታከከ አለፈ። ደቡብ ላይ አንድ ምላስ የመሰለ ነገር ወደ ባሕር አወጣ። ወደ ሰሜን ሲደርስ እጁ ትንሽ አመነታና ዞሮ ገጠመ።

ኃላፊያችን መሳቢያውን ከፈተ። የእርሳስ ሉሁን መስኮቱ ላይ ዘረጋና የግንበኛውን ትሬሲንግ በላዩ አደረገ። እኔ ጠረጴዛውን ዞሬ ወደ መስኮቱ ተጠጋሁ። ምዕራቡ ሜዳ ገጠመ። ምሥራቁ ገጠመ። ምላሱ ሳይቀር ነበረ። ሰሜኑ ላይ ብቻ የግንበኛው መስመር ከጂኦሎጂስቱ አንድ ጣት ያህል ወደ ባሕሩ ይገፋል።

«እዚህ ጋ ይለያያል» አለ ኃላፊው።

ግንበኛው ቀርቦ አየው። «እኔ ከወጣሁ በኋላ ቆርጠውታል ማለት ነው» አለ። «ያኔም ሲቆረጥ የነበረው ከዚያው ነው።»

ኃላፊያችን ተመልሶ ተቀመጠና እስክሪብቶውን አወጣ። በፈረመበት ካርታ ላይ፣ በገዛ ፊርማው አናት፣ «ተሰርዟል» ብሎ ጻፈበት። ያንን ሰው ስንት ዓመት በከንቱ ሳማው እንደኖርኩ ያን ጊዜ ገባኝ፤ አፈርኩ። «ሐሙስ ጠዋት አዲሱ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ይሁን» አለኝ። «ግድግዳሽ ላይ ያለውን ደግሞ እስከዚያ ላጪው።»

ሁሉንም ደሴቶች በሁለት ቀን ብቻዬን እንደማልጨርስ አውቅ ስለነበር አጠገቤ የሚቀመጠውን ባልደረባዬን እርዳኝ አልኩት። እኔ እርዱኝ ስል የመጀመሪያዬ ነው። ምንም አልጠየቀኝም፣ ወንበሩን አስጠግቶ የተቆራረጠውን መስመር ያዘልኝ። እሮብ ከሰዓት አንድ ጠብታ ቀለም ወደቀበት። ሁለታችንም ጠብታዋን አየናት። እኔ ዝም ብዬ ምላጩን አቀበልኩት። «ዛሬ ሐይቅ የለም?» አለኝ። «ዛሬ ባሕሩም በቅጡ አልተገኘ» አልኩት። እናቴም ቤት ግድግዳውን በሙቅ ውሃ ስትልጥ የዋለችው በዚያው ቀን ነው፤ «ልጄ የሣለችው» ስትለው ከነበረው ካርታ ጋር አብሮ ሁለት ጋዜጣ ተነሣና ጭቃው ታየ።

ሐሙስ ስብሰባው ከተደረገበት አዳራሽ ውጭ፣ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ጠበቅኩ። የምጠብቀው ሁለት ነገር ነበር፤ ሜዳው ይተርፍ እንደሆነ፣ እኔም እተርፍ እንደሆነ። ኃላፊያችን ሲወጣ ፊቱ ላይ ላቡ አለ። ሜዳው ቀዩ ውስጥ ገብቷል። አስቀድሞ የተቆረጠው የሰሜኑ ጠርዝ ብቻ ለኖራው ተሰጠ፤ የቀረውን ኖራ ከየብስ እንዲፈልጉ ተነግሯቸዋል። «ለምን ተቀየረ ብለው ጠየቁኝ» አለ። «የሥራ ክፍሉ አጣርቶ ነው አልኩ። አንቺ ግን ዓርብ በውይይት ክበብ ላይ ግለ ሂስ ታደርጊያለሽ። በዚህ ይብቃ።»

ዓርብ በውይይት ክበቡ ተነሣሁ። መቶ ከሚሆን ሰው ፊት፣ አብዛኛው ከጎጃም፣ ከሸዋ፣ ከወሎ፣ ከጉራጌ አገር የመጣ፣ ባሕር ያየው በጣት የሚቆጠር፣ ሁለት መስመር አይቼ አንዱን በትዕቢቴ ፋቅኩት ብዬ ተናገርኩ። ውይይቱን የሚመሩት ጓድ ማስታወሻቸውን እየጻፉ ቆዩና ቀና አሉ።

«ቆዪ፣ ጓድ። ባሕሩ የት ነው የሚሄደው?»

አዳራሹ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፤ ከዚያ ማስረዳት ጀመርኩ። ስለ ሙላቱ፣ ስለ ሽሽቱ፣ ምስር ስለሚያካክሉት ግንበኞች፣ ዓሣው ስለሚፈለፈልበት ጉድጓድ። የዘበኞቹ አለቃ ሳይቀር እጁን አውጥቶ ጠየቀኝ። ሂሱ ቀርቶ ትምህርት ሆነና በዚያ ቀን ሊነበብ የነበረው ጽሑፍ ሳይነበብ ሰዓቱ አለቀ። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ማኅደሬ ውስጥ ገባ። ከዚያ የከፋ አልመጣም፤ ደስታዬን መደበቅ አቅቶኝ እስከ መካኒሳ በእግሬ ሄድኩ።

በሚቀጥለው ዓመት ጂኦሎጂስቱ የድንበር ምልክት ሊያቆም ሲሄድ፣ የምትሥይውን አንድ ጊዜ እይው ብሎ ከቡድኑ ጋር አስመዘገበኝ። ግንበኛው ሰምቶ አጥራችን ድረስ መጣ። እሱ ራሱ እንዳይሄድ ጉልበቱም የይለፍ ወረቀቱም እምቢ ብለውታል። «ስትመለሺ ከዚያች ደሴት አንድ ጭብጥ የምታህል ድንጋይ አምጪልኝ» አለኝ። «ቤቴ ትቀመጥ። ሌላ ነገር አልፈልግም።» እሺ አልኩ፤ ይህን ያህል ውለታ የዋለልኝ ሰው ድንጋይ ቢጠይቀኝ ምን እላለሁ?

ባሕሩ ሲሄድ በዓይኔ አየሁ። ድምፅ የለውም። ቆመን ሻይ ስንጠጣ ውሃው እግራችን ሥር ነበር፤ ሻዩን ስንጨርስ ርቋል። ጂኦሎጂስቱ ነይ ብሎኝ ወደ ሜዳው ወጣን። ከላይ ያለው ደረቅ ድንጋይ ሸካራ ነው፤ ወደ ታች ሲወረድ ግን ድንጋይ የሚመስለው ሁሉ ይንቀሳቀሳል። ጉድጓዱ ሁሉ ውስጥ ውሃ ቀርቷል፣ ውሃው ውስጥ ደግሞ ጥፍር የማያህሉ ዓሣዎች አሉ፤ ቢጫ፣ ሰማያዊ፣ ስሙን የማላውቀው ቀለም። ለመርገጥ ቦታ እየመረጥኩ፣ ከእግሬ ሥር ያለውን ሁሉ እኔ ከምሳ በፊት ፍቄ የጣልኩት መሆኑን እያሰብኩ፣ አለቀስኩ። ጂኦሎጂስቱ ጨው ዓይኔ የገባ መስሎት መሐረብ ሰጠኝ።

ከምላሱ ጫፍ አጠገብ አንድ የተለቀቀች ቁራጭ ድንጋይ አገኘሁ። ጭብጥ ታህላለች። ማንም አያየኝም፤ ጂኦሎጂስቱ ጀርባውን ሰጥቶ ምልክቱን ያቆማል። አነሣኋትና ቦርሳዬን ከፈትኩ። ስገለብጣት ከሥሯ አንዲት ትንሽ ሸርጣን ወደ ውስጥ ሸሸች። ለብዙ ጊዜ ይዣት ቆምኩ። ግንበኛው ደጁ ላይ ሆኖ ሲጠብቀኝ ታየኝ፤ ባዶ እጄን መመለሱ ጨነቀኝ። በመጨረሻ ከነበረችበት ጉድጓድ መልሼ አስቀመጥኳት።

መካኒሳ የደረስኩ ዕለት ገና ሻንጣዬን ሳላወርድ መጣ።

«ድንጋዬስ?»

«አላመጣሁም ጋሼ።»

«ረሳሽው?»

«አልረሳሁም። አንሥቼ ነበር፤ መልሼ አስቀመጥኩት። ክልክል ነው።»

ፊቱ ጠቆረ። ተቆጥቷል፤ ደግሞም ማዘኑን ማሳየት አልፈለገም። «ለአንዲት ድንጋይ?» አለ። «ማን ነው የከለከለው?»

«እርስዎ ነዎታ። ምልክቱ የቆመው እርስዎ የሣሉት መስመር ላይ ነው።»

ሻንጣዬን ከእጄ ተቀብሎ ደጃፉ ላይ አስቀመጠው። ከዚያ፣ «የት ጋ ነው ያስቀመጥሻት?» ሲል ጠየቀኝ።

«ከምላሱ ጫፍ አጠገብ ነው። ዓሣ ያለበት ጉድጓድ ውስጥ።»

«ከመስመሩ ወዲህ ነው?»

«ወዲህ ነው። ውስጥ ነው።»

«በቃ» አለ። «ቤቴ ተቀምጣለች።»